ማሳለፊያ የሌለው ቴፕ

ቴፕ ጠጋኝ ነኝ፤ ሙዚቃ ስወድ ለጉድ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ካሴት ከዳር እስከ ዳር ሰምቼ አላውቅም። ዘፈኑ ትንሽ ከሰለቸኝ ጣቴ ማሳለፊያው ቁልፍ ላይ ነው። ከሴቶችም ጋር እንዲሁ ነበርኩ። ነርሷን ስታስነጥስ ቤቱ ይናጋል ብዬ ተውኳት፤ አስተማሪዋን ደግሞ አንድ ቀልድ ሁለቴ ስለነገረችኝ። ሁለቱም አግብተው ደህና ይኖራሉ።

ልብስ ሰፊዋን ያገኘኋት ቴፗ ድምፁ ጠፍቶባት ነው። ማሳለፊያውም ተሰብሯል።

"እሱንም ልሥራልሽ?"

"ተወው። እጄ ጨርቅ ላይ ነው፤ የመጣውን እሰማለሁ።"

ስምንት ወር አጠገቧ ተቀምጬ ከምትወደው ካሴት ከአንዱ ገጽ የመጣውን ሰማሁ፤ ከአራተኛው ዘፈን በቀር። እሱ ሲጀምር ውሃ ልጠጣ ብዬ እወጣለሁ።

ሐሙስ ዕለት እየሰፋች፣ "እሁድ አጎቴ ይመጣሉ" አለች። "ያ ሰውዬ ሊያገባሽ ነው ወይስ ቴፕ ሊሰማ ነው የሚመላለሰው ይሉኛል። ምን ልበላቸው?"

ይሄኔ አራተኛው ዘፈን ጀመረ። ተነሣሁ።

"ጠማህ?" አለች፣ ቀና ሳትል።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ እንደፈራሁት ረጅም ነው። መጨረሻው ላይ ግን ዘፋኙ መቅረጫው የጠፋ መስሎት "አሁንስ እግሬ አለቀ" ይላል። እሷም አብራው አለችና ከት ብላ ሳቀች። ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ብቻዋን ስትስቅ እኔ ውሃ እጠጣ ነበር።

"አጎትሽን እኔው ልንገራቸው። ላገባሽ ነው" አልኩ።

"እሺ" አለችና ካሴቱን ገለበጠችው። "በዚህኛው በኩል ከሱ የባሱ ሁለት አሉ።"