ሁለተኛው ዓይን

በልብስ ስፌት ቤታችን አባታችን ያወረሰን አንድ ደንብ ነበር። ቆራጩ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ካሰመረ በኋላ፣ መቀስ ከማንሳቱ በፊት፣ ሌላ ሰው ሜትር ይዞ ስህተት ይፈልግበታል። ያንን ሰው «ሁለተኛው ዓይን» እንለዋለን። ቆራጩ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ዓይን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታናሽ ወንድሜ ነበር።

ደንበኞች «አቶ ግን» ይሉታል። ጧት ደህና አደርክ ወይ ብትለው እንኳ «ግን ምን ደህና ነገር አይተህ ነው?» ሳይል አያልፍህም። እኔ አሰምራለሁ፣ እሱ ይለካል፣ እስኪበቃን እንጨቃጨቃለን፣ ከዚያ እቆርጣለሁ። ነፍሴን ነበር የሚያወጣት። ምሳችንን ግን አብረን ነበር የምንበላው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ደንበኛ ፊት «ጋሼ፣ ትከሻው ላይ ተሳስተሃል» አለኝ። ደሜ ፈላ። «ወይ አፍህን ዝጋ፣ ወይ ከዚህ ቤት ውጣ» አልኩት። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። በኋላ ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ የተሳሳተው እሱ ነበር። ልክ የነበርኩት እኔ በመሆኔ ነው እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጁን ያልረገጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም ሆነ። የስፌት መኪናው ላይ የሚሠራው ባለ መኪናውም ቁልፍ ተካይዋም ያሰመርኩትን ሁሉ «ልክ ነው ጋሼ» ይላሉ። ቀልድ ስጀምር ሳልጨርስ ይስቁልኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ጓዳ ስገባ ወሬያቸው ስለሚቋረጥ ሳህኔን ይዤ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ እመለሳለሁ። ሰው በሞላበት ቤት ብቻ መሆን እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። የአንድ ኮት እጅጌ ሆን ብዬ አራት ሴንቲ አሳጥሬ አሰመርኩና ጠራኋቸው። ቁልፍ ተካይዋ ለካች። ዓይኗ ሜትሩ ላይ ቆመ፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ «ልክ ነው ጋሼ» አለች። ባለ መኪናው መለካትም አላስፈለገው። መቀሱን አቀበለኝ።

መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩት። ጨርቁን ጠቅልዬ በብብቴ ያዝኩና ወንድሜ ከገበያው ጀርባ ወደከፈተው ጠባብ ሱቅ ሄድኩ። ሳየው ጢሙ ሸብቷል። ከመቀመጫው ተነስቶ ሰላም አለኝ፤ እንደ ደንበኛ።

«እስቲ ይቺን እያት» ብዬ ጨርቁን ዘረጋሁለት።

ለካ። እጅጌው ጫፍ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። በዕድሜዬ ያንን የጠላሁትን «ግን» እንዲህ የናፈቅኩበት ቀን የለም። ጨርቁን በወጉ አጥፎ መለሰልኝ።

«ልክ ነው ጋሼ።»

«አራት ሴንቲ ያጥራል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

መርፌውን አንስቶ ክር ማስገባት ጀመረ። «ወይ አፍህን ዝጋ፣ ወይ ውጣ ብለኸኝ አልነበር? ሁለቱንም አደረግኩልህ።»

ያን ጊዜ ትቶት የወጣውን ሜትር ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር የመጣሁት። ሳላወጣው ተመለስኩ።