ጉም ውስጥ የቆመችው መኪና

ባሌ የሚሠራው የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ታወር ላይ ነው፤ እኔ ታች። እሱ አውሮፕላን ያሳርፋል፣ ያስነሳል። እኔ ጣሪያዋ ላይ ቢጫ መብራት ያላት ፒክአፕ እየነዳሁ ማኮብኮቢያውን እፈትሻለሁ፤ የወደቀ ብሎን፣ የሞተ ወፍ፣ የተሰበረ መብራት ካለ አነሳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ "ቤትም እሱ ያዝዝሻል፣ ሥራም እሱ ያዝዝሻል" እያሉ ይስቁብኛል። ቤት ማን እንደሚያዝዝ እሱን ይጠይቁት።

ሕጉ ቀላል ነው፣ ሕፃን ልጅም ይገባዋል። ማኮብኮቢያ ከመግባቴ በፊት በሬዲዮ እጠይቃለሁ፣ ይፈቅድልኛል። ስጨርስ "ወጥቻለሁ" እላለሁ፣ እሱ "ገባኝ፣ አመሰግናለሁ" ይላል። እኔ ወጥቻለሁ ሳልል ማንም አያርፍም። ጉም ሲሆን ደግሞ ከላይ ሆነው ምንም አያዩም። መሬት ላይ ያለነውን የሚያሳይ መሣሪያ ይገዛል እየተባለ ስንት ዓመት አለፈ! ስለዚህ ያለን ነገር ቢኖር ይቺው አንድ ቃል ናት።

የዚያን ቀን ጠዋት ጉሙ ለጉድ ነበር። የገዛ መኪናዬ አፍንጫ እንኳ በደንብ አይታየኝም። ጠየቅሁ፣ ፈቀደልኝ። ሬዲዮ ላይ ባልና ሚስት የሚባል ነገር የለም፤ እሱ ታወር ነው፣ እኔ መኪና ነኝ። ሌላ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልቆም ነድቼ ነው የምወጣው። ያን ቀን ግን ዳር ካሉት መብራቶች የአንዱ መስታወት ረግፎ፣ ስብርባሪው እስከ መሀል ተበትኗል። የአውሮፕላን ጎማ ቢረግጠው አለቀ። ወርጄ፣ ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ። ሞተሩን ስላላጠፋሁት ሬዲዮው ምን እንደሚል አይሰማኝም ነበር።

መጀመሪያ የሆነ ፉጨት ሰማሁ። ቀና አልኩ። ጉሙ በአንዴ በራ። እንዴ! መብራት ነው፣ ፊት ለፊቴ፣ ከላይ እየወረደ! ምን እንደሆነ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ በደረቴ አስፋልቱ ላይ ተደፋሁ። ሰማዩ የተደረመሰብኝ መሰለኝ። ጎማዎቹን አየኋቸው፤ እኔ ልሙት፣ ጥርሳቸው ሳይቀር ታይቶኛል። ነፋሱ አንከባለለኝ። ከዚያ አውሮፕላኑ እያጓራ ሽቅብ ሄደ። አብራሪው ቢጫዋን መብራት በመጨረሻዋ ቅፅበት አይቶ ወደ ላይ እንደጎተተው የሰማሁት በኋላ ነው።

እየዳህኩ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሬዲዮውን አንስቼ፣ ሕጉንም ሥርዓቱንም ረስቼ "አንተ ሰውዬ! ልትገድለኝ ነው?" አልኩ። በእሱ ፈንታ የሌላ ተቆጣጣሪ ድምፅ መጣ፤ "ከማኮብኮቢያው ውጪ፣ እባክሽ እህቴ፣ ውጪ" አለኝ።

የአለቃችን ቢሮ ስደርስ ባሌ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሲያየኝ ብድግ አለ። ሊያቅፈኝ መስሎኝ ነበር።

"ወጥቻለሁ አልሽኝ እኮ!" አለኝ። "ለምን ተመለስሽ?"

"ምን?"

"ወጥቻለሁ ብለሽኛል፣ አመሰግናለሁ ብዬሻለሁ። አውሮፕላኑን የፈቀድኩት ከዚያ በኋላ ነው።"

"መቼ ነው ያልኩህ? ገና መሀል ላይ ነበርኩ!"

"ልጄን ይንሳኝ፣ በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ።"

በልጃችን ማለ። ይሄ ሰው በቀልድ እንኳ በልጃችን ምሎ አያውቅም። አንጀቴ ቅጥል አለ። "ልትገድለኝ መሞከርህ ሳያንስ ውሸታምም ልታደርገኝ ነው?" አልኩት። አለቃችን በእጃቸው ዝም አሰኙኝና፣ "እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው" አሉኝ። "ድንጋጤ ያስረሳል። ወጥቻለሁ ካልሽ በኋላ የወደቀ ነገር አይተሽ ሳታስፈቅጂ ተመልሰሽ ከሆነ..."

"እርስዎም? ኧረ ጉድ!"

ያኔ ገባኝ። ከሁለታችን አንዳችን ከሥራ መባረራችን ነው፤ የሚባረረውም የዋሸው ነው።

"ቅጂው ይምጣ" አልኩ። "ሬዲዮ ላይ የሚባለው ሁሉ ይቀዳ የለ? አሁኑኑ ይምጣ!"

"ይምጣ!" አለ ባሌም፣ ከእኔ ብሶ። ይሄን ስሰማ ትንሽ ደነገጥኩ። የዋሸ ሰው እንዲህ አይልም።

ቴክኒሻኑ ላፕቶፑን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው። መጀመሪያ የእኔ ድምፅ መጣ፣ ለመግባት ስጠይቅ። ቀጥሎ የእሱ፣ ሲፈቅድልኝ። ከዚያ አብራሪው እየቀረበ መሆኑን ተናገረ፤ ባሌም "ቀጥል፣ ለማረፍ ግን ገና አልፈቀድኩም፣ መኪና አለች" አለው። ከዚያ ዝም። እሽሽሽ የሚል ነገር ብቻ ነው የሚሰማው። ባሌ ጎንበስ ብሎ፣ ጣቱን አንስቶ፣ "አሁን፣ አሁን ትናገራለች" ይላል። እኔም ጥርሴን ነክሼ እጠብቃለሁ።

እኔ አልተናገርኩም። እሽሽታው መሀል ድንገት የእሱ ድምፅ መጣ፤ "ገባኝ፣ አመሰግናለሁ" አለ። እንደ ሁልጊዜው ረጋ ብሎ። ማን ምን ብሎት ነው የሚመልሰው? ወዲያው ደግሞ አብራሪውን "ማኮብኮቢያው ነፃ ነው፣ ማረፍ ትችላለህ" አለው።

ቴክኒሻኑ ማንም ሳያዘው መልሶ አጫወተው። ያው ነው። መጀመሪያ ምንም፣ ከዚያ ባሌ ለምንም ሲመልስ። ለካ አልዋሸም! ወጥቻለሁ በየቀኑ ስለምለው፣ ሁልጊዜ በምልበት ሰዓት ሳልለውም ሰምቶኛል። ውሸት በሆነልኝ! ውሸታምን ሰው ይሰድበዋል፣ ያኮርፈዋል፣ ከዚያ ያልፋል። ይሄንን ምን ልበለው? የሚገርመው፣ የመጣሁበት ንዴት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፤ ፍርሃት ብቻ ቀረኝ።

"አንዴ ድገመው፣ በናትህ" አለ ባሌ ቴክኒሻኑን።

ተደገመለት። ጆሮውን ላፕቶፑ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። እሽሽታው ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ፣ አዎ እንደሚል ሰው። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

"አሁንም እየሰማሁሽ ነው እኮ" አለኝ።

አለቃችን ላፕቶፑን ከደኑት። እኔ ማልቀስ የጀመርኩት ያኔ ነው።