እንግዳዬ ናት

ሰርክአዲስ የታላቅ እህቷን የሠርግ ቀሚስ ለብሳ ከጓዳ ስትወጣ እታለማሁ ድንች መላጧን አቆመች። ቀሚሱ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ዓመታት አልፈውታል። እታለማሁ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ክንዷን እንኳ አላስገባ ብሏታል።

«ማን አወጣው?»

«ዓለምነው ነው። ለጤና መድኑ ፎቶ ተነሺበት አለኝ።»

የእታለማሁ ባል ዓለምነው ደጅ ባጃጁን እያጠበ ሳቀ። «ብል ከሚበላው ሰው ይልበሰው እንጂ! እያት እስቲ፣ ለሷ የተሰፋ አይመስልም?»

«ያምርባታል» አለች እታለማሁ። ቢላዋውን መልሳ አነሳች። ከልጣጩ ጋር የድንቹ ግማሽ አብሮ ወረደ።

ልጆች ሳሉ ሁለቱም ወፍራሞች ነበሩ። የሰፈራቸው የቆሰበር ልጆች ታላቂቱን ጎተራ፣ ታናሺቱን ጎታ እያሉ ከኋላቸው ይጮሁ ነበር። እነሱም እየተያዩ ይስቃሉ፤ ስድቡ ለሁለት ሲካፈል ቀላል ነበር። በኋላ ሰርክአዲስ አዲስ አበባ ሥራ ያዘች። ስኳሩም ደም ግፊቱም ሲበረታባት የመሥሪያ ቤቷ ኢንሹራንስ ከፈለላትና ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና አስቀነሰች። ድርጅቱ ሲዘጋ ግን ሥራውም ኢንሹራንሱም አብረው ቀሩ። ቀዶ ሕክምናው የአንድ ቀን ነገር ነበር። ክትትሉ፣ የደም ምርመራውና የቫይታሚን መርፌው ግን የዕድሜ ልክ ነው። ያንን ካቋረጠች ወራት አልፈዋል። እንጅባራ እህቷ ዘንድ ልትኖር የመጣችውም፣ በእህቷ ጤና መድን ውስጥ ገብታ ሕክምናዋን ለመቀጠል ነው። የዘንድሮው ምዝገባ ደግሞ ዛሬ ይዘጋል።

እታለማሁ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አንድ ነገር ብቻ አልወጣላትም፤ ስድቡን የምትካፈላት ጎታዋ ጥላት ሄዳለች።

ቀበሌ ሰልፉ ረጅም ነበር። ጎረቤታቸው ይመኙሽ ከፊታቸው ዞር አለችና ሰርክአዲስን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ይቺ ሸንበቆ የማን ናት? እንዴ፣ ሰርኬ! እታለም፣ የሷንም ድርሻ አንቺ ነሽ እንዴ የምትበዪው?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እታለማሁም ሳቀች። ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሳበችና አጣፋችው።

ተራቸው ሲደርስ መዝጋቢው ይኸነው ቀና አለ። «እትዬ እታለማሁ፣ እህትዎ ቤተሰብ ውስጥ ይግቡ? ከእርስዎ ጋር ነው የሚኖሩት ወይስ እንግዳ ናቸው?»

እታለማሁ እህቷን አቀፈቻት። ቀሚሱ ውስጥ ያለው ወገብ በአንድ ክንዷ ተጠቀለለ። ውስጧ ተቃጠለ፤ ድምፅዋ ግን ማር ነበር።

«እሷማ እንግዳዬ ናት። የክብር እንግዳዬ!»

«ታድላ!» አለች ይመኙሽ።

ይኸነው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዳ ከሆኑማ አይገቡም።»

ሰርክአዲስ እህቷን አየቻት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ታላቋን ማሳጣት አልሆነላትም። «ልክ ናት፣ እንግዳ ነኝ» ብላ ከሰልፉ ወጣች።

ሲመለሱ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ሰርክአዲስ ከኋላ ከኋላ መጣች። በር ላይ ሲደርሱ እታለማሁ ዞር አለች። የእህቷ አንድ እግር ጫማ አለው፤ ሌላው ባዶውን ነው፣ ተረከዙ ተሰንጥቆ ይደማል።

«ጫማሽስ?»

ሰርክአዲስ ወደ ታች አየች። «ውይ! የት ወለቀ?»

«አላወቅሽም?»

«እግሬ አይሰማኝም፣ እትዬ። መርፌው ከቀረ እንዲህ ይጀምርሻል ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንግዳ ያቀረቡለትን ይቀበላል እንጂ አምጡ ይላል እንዴ?» አለች ሰርክአዲስ። «ነገ ዓለምነው መናኸሪያ ያድርሰኝ።»

እታለማሁ ውኃ አምጥታ ጎንበስ አለችና እግሩን አጠበች። ጭቃው ሲለቅ እጇ ቆመ። እግሩ አልከሳም። ሰፊ ነው፣ ጣቶቹ የተበታተኑ፣ ትንሺቱ ጣት ወደ ውስጥ የዞረች። የራሷ እግር ነው።

«ዓለምነው! ባጃጁን አስነሳ!»

እታለማሁና ባሏ የደረሱት ይኸነው ቢሮውን ሊቆልፍ ቁልፉን ይዞ ሳለ ነበር።

«እህቴን መዝግባት።»

«ጠዋት እንግዳ ናት አላሉም?»

«ጠዋት ቀንቼ ነው» አለች እታለማሁ። ይኸነው የሰማውን ያልሰማ መስሎ በሩን መልሶ ከፈተ።

ቤት ሲገቡ ሰርክአዲስ እግሯ በጨርቅ ታስሮ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«ገብተሻል» አለቻት እታለማሁ። «አሁን ቀሚሴን አውልቂ።»

«ምነው?»

«የኔ ነዋ! ሲያምርብሽ ማየት አልችልም።»

ሰርክአዲስ ደነገጠች። ከዚያ፣ ከመጣች ጀምሮ ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች። ጓዳ ገብታ ቀሚሱን ለወጠችና ተመለሰች።

«ያው ቢላዋው» አለች እታለማሁ፣ ዓይኗን ከዚያ ወገብ ላይ ሳታነሳ። «ድንቹን ላጪ።»

«እሺ፣ ጎተራ።»

«ልጣጩን ደግሞ እንዳንቺ ቀጭን አድርጊው።»