የፈትለወርቅ ፍጥነት

ቀለመወርቅ ሰሌዳው ላይ «ጭነት» ብሎ ሲጽፍ ዮርዳኖስን ክፉኛ ከነከናት። «ጭነት» ብሎ የጠራት ሕፃን ልጅ ናት። እርግጥ በድርሰት ውስጥ ያለች ሕፃን ናት፤ ብትሆንስ? አህያ ላይ የሚጫን ገብስ አይደለችም።

የመካነ ኢየሱስ ከተማ የንባብ ክበብ በወር አንድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ ይሰበሰባል። ድሮ ግጥም ይነበብበት፣ ልብ ወለድ ይተችበት ነበር። ይህ ቀለመወርቅ የሚባል የፊዚክስ መምህር ከነጓደኞቹ ከገባበት ወዲህ ግን ክበቡ ሌላ አመል አወጣ። የልብ ወለድ ጀግና ያመጡና ጉልበቱን ያሰላሉ። በር ገንጥሎ የገባ እንደሆነ ስንት ኪሎ እንደገፋ፣ ገደል የዘለለ እንደሆነ በምን ፍጥነት እንደተወረወረ፣ ሁሉንም ቀምረው «ሌቭል» የሚሉትን የጉልበት ደረጃ ይሰጡታል። ከዚያ ወዲያ በቴሌግራም እገሌ እገሌን ይጥለዋል፣ አይጥለውም እያሉ ሲናከሱ ይሰነብታሉ። ጀግናው በሩን ለምን እንደገነጠለ፣ ከበሩ ወዲያ ማን ያለቅስ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ዮርዳኖስ ይህን ስታይ ወጥ ውስጥ ፀጉር እንዳገኘ ሰው ፊቷ ይጨማደዳል።

ዛሬ ደግሞ ተራው የእርሷ ድርሰት ሆነ።

ድርሰቱ አጭር ነው። ፈትለወርቅ የምትባል የቆላ ሴት ንዳድ የጣላትን ልጇን አዝላ ከበሽሎ ዳር ትነሳለች፤ አቀበቱን ወጥታ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ታደርሳታለች፤ ልጅቱ ትድናለች። ፈትለወርቅ የምትባል ሴት የለችም። ያለችው እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠችው የዮርዳኖስ እናት፣ ወለተ ማርያም ናት። እርሷም የዮርዳኖስን ታናሽ፣ ትዕግስትን አዝላ ያንኑ አቀበት ወጥታ ነበር። እርሷ ስትደርስ ግን ገበያው ሞልቶ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ፣ ትዕግስትም ጀርባዋ ላይ ቀዝቅዛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የወለተ ማርያም አፍ አንድ ቃል ይዞ ቀረ፤ «ዘገየሁ»። የንስሐ አባቷ ቢመክሯት፣ ጎረቤት ቢቆጣት፣ መልሷ «ዘገየሁ» ነው። ዮርዳኖስ ድርሰቱን የጻፈችው ለክበቡ አልነበረም። እናቷ አንዴ እንኳ በጊዜ ስትደርስ፣ ያንን በገዛ ጆሮዋ እንድትሰማው ብላ ነው። ምናልባት ያ ቃል ከአፏ ይወጣላት ይሆናል። ዛሬ ለምና ያመጣቻትም ለዚሁ ነው።

ድርሰቱ ተነበበ። ወለተ ማርያም አላለቀሰችም፤ እጇን አፏ ላይ ጭና አዳመጠች። ይኸው ቢበቃቸው ምን ነበረበት! ቀለመወርቅ ጠመኔውን ይዞ ተነሳ።

«እስቲ እንየው» አለ፣ እንደ በግ ነጋዴ እጁን እያሻሸ። «ጀንበር ስትጠልቅ ተነሳች ይላል። ቀጥሎ ‹በአንድ ሰዓት አርብ ገበያ ደረሰች› ይላል። ጀንበር የምትጠልቀው በአሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ መንገዱ የፈጀባት አንድ ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። ያን ሁሉ ዳገት፣ ከነጭነቷ!»

አዳራሹ አጨበጨበ። «ልጅቱ ስንት ኪሎ ትሆናለች?» አለ አንዱ ከኋላ። «ታማለች አይደል እንዴ፣ ቀነስ አድርግላት» አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ። የትዕግስትን ክብደት እንደ ሥጋ ቤት ደንበኛ ሲከራከሩበት ዮርዳኖስ ጠመኔውን ነጥቃ መስበር አማራት።

ቀለመወርቅ አባዛ፣ አካፈለ፣ ሰረዘ። በመጨረሻ ከአንድ ቁጥር ሥር አሰመረና ዞረ።

«ፈረስ አይሞክረውም!» አለ። «ይህቺ ሴት ሰው አይደለችም። ሥጋ ለባሽ ይህን ዳገት በዚህ ፍጥነት ልጅ አዝሎ ልውጣ ቢል ልቡ ቀጥ ይላል። ‹ከሰው በላይ› ብለናታል!»

ወለተ ማርያም ቀና አለች። «መምህር» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰው አይችለውም ነው የሚሉ?»

«በጭራሽ፣ እማማ! እንኳን እናት፣ ሯጭም አይችለውም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ወለተ ማርያም የዓመታት ሸክም እንዳወረደ ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ዮርዳኖስ ግን አላየቻትም። ዓይኗን ሰሌዳው ላይ ተክላ ትንገበገባለች። ከሰው በላይ! እግሯ ተልጦ የወጣችውን ሴት ከሚበሩትና እሳት ከሚተፉት የፊልም ጉዶች ጋር አሰለፏት። እነዚህ ሰዎች መቃብር አጠገብ ቢቀመጡ የጉድጓዱን ጥልቀት ይለካሉ። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም።

«ማንበብ እንኳ አትችሉም!» ብላ ተነሳች። «አንድ ሰዓት ያልኩት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው! ሲመሽ ተነስታ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሄደችው። ሌሊቱን የዘለልኩት መጻፍ ስላቃተኝ ነው። እናንተ ግን ከሰው ሥቃይ ላይ ቁጥር ለመልቀም ትሽቀዳደማላችሁ። ታስጠላላችሁ!»

ቀለመወርቅ ፊቱ ተለዋወጠ። ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ ስህተቱን ሲነግሩት የሚያርም ሰው ነው። የጻፈውን በእጅጌው ጠርጎ እንደገና አሰላ። ብዙም አልቆየበት።

«ልክ ነሽ፣ ይቅርታ» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ከተጓዘችማ ነገሩ ሌላ ነው። ይኼ የደህና ሰው እርምጃ ነው፤ እንዲያውም ዝግ ያለ ነው። ማንኛዋም እናት ትደርሳለች።» ከዚያም «ከሰው በላይ» የሚለውን አጥፍቶ በምትኩ «ተራ ሰው» ብሎ ጻፈ።

ዮርዳኖስ ረታሁ ብላ ወደ እናቷ ዞረች።

«ማንኛዋም?» አለች ወለተ ማርያም።

ዮርዳኖስ ያኔ ገባት፤ እናቷን ያሳረፈውን ቁጥር ያስጠፋችው ራሷ ናት። የገዛ አፏ አስጠላት።

«እማዬ፣ ድርሰት እኮ ነው» አለች ተንደርድራ እግሯ ሥር ተንበርክካ። «ከራሴ ፈጥሬ ነው። እውነት አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለች ወለተ ማርያም። «እኔ ግን አቀበቱ መሐል ላይ ቁጭ ብዬ አርፌያለሁ።»