የመሃሉ ድጋፍ

ልጅቱን ጓደኞቿ «ጉንዳን» ይሏታል። ቁመቷ ከአካፋ እጀታ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ብሎኬት ተሸክማ ስትሮጥ ያያት ሁሉ «ኧረ ቀስ፣ የሚያባርርሽ የለም!» ይላታል። መጠለያ ለሌላቸው ሰዎች በነጻ ቤት ከሚሠሩት ወጣቶች መካከል እንደ እሷ ቁጭ ማለት የሚያመው የለም። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈራው ደግሞ ሥራ ሲያልቅበት ነው።

ሥራው ያለቀው የሚያሠራቸው ግንበኛ ወደ ሌላ ሠፈር በሄደ ቀን ነው። ከመሄዱ በፊት አዲሱን የኮንክሪት ጣሪያ ከስር የደገፉትን እንጨቶች በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ «ልጆች፣ ይሄ ጣሪያ ገና ጥሬ ነው። እኔ ሳልመጣ እነዚህን የነካ ወዮለት!» አላቸው።

«እሺ ጋሼ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ጉንዳንም ብላለች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። የቤቱ ባለቤቶች፣ እማማና ከአልጋ የማይነሱት ባላቸው፣ ግቢው ጥግ ላስቲክ ወጥረው ነበር የሚኖሩት። ላስቲኩ ውሃ አቁሮ ተቀደደና የሽማግሌው ብርድ ልብስ በሰበሰ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። 

«ዛሬስ እዚህ አያድሩም!» አለች ጉንዳን።

አልጋውን ተሸክመው ወደ አዲሱ ቤት ገቡ። መሃል ላይ የቆሙት ሁለት እንጨቶች አላሳልፍ አሉ። ቢያዞሩት፣ ቢያጋድሙት፣ ወይ ፍንክች!

«ሁለቱን እናንሳቸው» አለች።

«ጋሼ ያለውን ረሳሽው እንዴ?» አለ አንዱ ልጅ።

«ዳር ዳሩን ስንት እንጨት አለ አይደል? አንተ ደግሞ ፍርሃትህ!»

መዶሻውን አንስታ መታች። እንጨቶቹ ወደቁ። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ጣሪያው ንቅንቅ አላለም። እሰይ ብለው አጨበጨቡ። እማማ እጇን ይዘው መረቋት፤ እሷም ደስ ብሏት ቤቷ ገባች።

ጠዋት ሲመጡ ግድግዳው እንደቆመ ነው። ጣሪያው ግን መሃሉ ተሰብሮ አልጋው ላይ ወርዷል። እማማ ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ተርፈዋል። ሽማግሌውን ጎረቤቶች ከፍርስራሹ አውጥተው አንሶላ አልብሰዋቸዋል።

ወሬውን ሰምቶ የመጣውን ግንበኛ ፖሊስ ክንዱን ይዞታል። እማማ መሬት ላይ ተቀምጠው «እጅህ ይሰበር! ቤት ብለህ መቃብር ሠራህልኝ!» ይሉታል። እሱ ከመሃል ተነስተው በር ላይ የተደገፉትን ሁለት እንጨቶች አየ፤ ከዚያ ልጆቹን አየ። ሁሉም አቀረቀረ።

ጉንዳን ጠፍታ በሄደች ደስ ባላት። ፖሊሱ ግንበኛውን ይዞ ሲራመድ ግን አላስቻላትም፤ እማማ ፊት ተንበረከከች።

«እማማ፣ እሱ አይደለም! ድጋፉን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አባባን የገደልኳቸው እኔ ነኝ!»

«ደንግጣ ነው፣ ያዟት» አለ ፖሊሱ።

እማማ ግን እጇን ያዙ፤ ልክ እንደ ትናንቱ።

«ተይ ልጄ፣ እንዲህ አትበዪ። አንቺማ አልጋውን ያስገባሽልኝ ነሽ። ሌሊቱን ሙሉ ‹እግሬ ሞቀኝ› ሲለኝ ነው ያደረው።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግንበኛው አዞሩና እርግማናቸውን ቀጠሉ።