የዘውዱ ሥጋ መርማሪ

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሰሞን፣ የመርሳው ባለ ልኳንዳ ዘውዱ «ሥጋው ጎማ ነው» እየተባለ ደንበኛው ሁሉ ማዶ ወዳለው ልኳንዳ ሸሸበት። የፍልሰታ ፍቺ ገበያ ካመለጠው መዝጋቱ ነው። ታዲያ ደህና በሬ መግዛት እንዳይመስላችሁ የታየው! ከወልድያ ፍፁም የሚባል ባለሙያ ከነመሣሪያው አስመጣ። መሣሪያው ብርሃን እያበራ፣ ሥጋው ሳይበስል ጉድለቱን ያውቃል አሉ።

በፍቺው ጠዋት ዘውዱ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ሰፈርተኛውን ሰበሰበ። ፍፁም የመሣሪያውን አፍ የተሰቀለው የበሬ ሽንጥ ላይ ለጠፍ አድርጎ አበራና፣ «እንከን የለውም!» አለ።

«ሰማችሁ?» አለ ዘውዱ ደረቱን ነፍቶ። «ማዶ ያለው እንዲህ ያለ አለው?»

እትዬ ፋንቱ ግን ሳህናቸውን እንደያዙ፣ «ማወቁን በምን እንመን፣ ልጄ?» አሉ።

«እማማ፣ ውጭ አገር ስንት ሺህ አሳማ ላይ እንዲሁ እየተለጠፈ ተፈትኗል እኮ!» አለ ፍፁም በኩራት።

እትዬ ፋንቱ አማተቡ።

«ይኸው አፉ? አሳማ የነካው? በል ዘውዱ፣ እንከን የለሹን ሥጋህን ከባለሙያህ ጋር ተቃመሱት!»

ሰፈርተኛው ተከትሏቸው ወደ ማዶ ተሻገረ። ዘውዱ ቢላዋውን እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ።

ፍፁም መብራቱን ደግሞ አበራ። «አሁንም እንከን የለውም» አለ።