የተዘቀዘቀ ነጠላ

ዘነቡ መድረክ ላይ መሥራት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንደዚህኛው ትያትር እንቅልፍ የነሳት ግን የለም። የምትጫወተው በቀይ ሽብር ልጇን ገድለው ማልቀስ የከለከሏትን እናት ነው። እናትየዋ በመጨረሻ በሯን ዘግታ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ድምፅ ሳታሰማ ትቀመጣለች። ዘነቡ ሁለት ወር ሙሉ ለቅሶ መዋጥ ስትለማመድ ከርማ አሁን እህሉም አልዋጥ ብሏታል። አዘጋጁ ሚሳኤል ይህን አይቶ አንድ ሕግ አወጣላት።

«ነጠላሽን ሳትገለብጪ ከበሩ እንዳትወጪ። የእሷን ሐዘን እዚሁ ተይላት።»

ሌላው ሠራተኛ ቱታውን አውልቆ ይገላገላል፤ ተዋናይ ምኑን ያወልቃል? አንድ ቀን ዘነቡ ነጠላውን መገልበጥም ረሳች። እንደተዘቀዘቀ ከነፋስ ስልክ የሀና ማርያም ታክሲ ውስጥ ገባች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ አዩዋትና «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሏት።

አፏ ቀድሟት «አሜን» አለች። ፊቴ እንዲህ ጠቁሯል ማለት ነው ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እናቷ ወይዘሮ በቀለች ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩዋት ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወጋየሁ ነው?» አሉ። «አፅሙ ተገኘ?»

ወጋየሁ ወንድማቸው ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከቤት እንደወሰዱት ቀረ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ መርዶ ያመጣ የለም፤ መርዶው ያልመጣ ሰው ደግሞ አይለቀስለትም። ወይዘሮ በቀለችም ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ።

ዘነቡ እጇን ወደ አንገቷ ብትሰድ ጥለቱን ነካች። ክው አለች። «አዎ» ብትል እናቷ ዛሬውኑ አልቅሰው ያርፋሉ፤ ግን ውሸት ነው። «አይደለም» ብትል መልሳ መርዶ ወደ መጠበቁ ልትከታቸው ነው። ለተዋናይ አፍ ውሸቱ ቅርብ ነበር።

«አልተገኘም፣ እማዬ። ከልምምድ መምጣቴ ነው፤ መገልበጡን ረስቼ። ይቅር በዪኝ።»

ዘነቡ ነጠላዋን ልትገለብጥ ጫፉን ያዘች።

«ተዪው» አሉ ወይዘሮ በቀለች።

ወደ ውስጥ ገብተው የራሳቸውን ነጠላ አመጡ። አዘቅዝቀው ለበሱትና መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ከእንግዲህ ማን መጥቶ ሊያረዳኝ ነው? አንቺ አረዳሽኝ፤ ይበቃል። ወንድሜን...»

ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። ዘነቡ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ሁለት ወር የዋጠችው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ጎረቤታቸው ከድጃ ለቅሶውን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«ማን ነው? መቼ?» አለች።

«ወንድሜ» አሉ ወይዘሮ በቀለች። «ዛሬ ተረዳሁ።»